ባለ ሁለት ግድግዳ የክሬም ዕቃ፦ በየትኛው መንገድ ማሠራት ያዋጣል?

አንዲት የፀጉር ቅባት የምታመርት እህት ባለፈው አንድ የክሬም ዕቃ ይዛ መጣች። ውጩ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ውስጡ ነጭ ኩባያ ተቀምጧል። በሁለቱ መሀል ክፍት ቦታ ስላለ ኩባያው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። «ልክ እንደዚህ ይሠራልኝ። ለመጀመሪያ 2,000 ፍሬ ይበቃኛል» አለችኝ።

ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቃለች። አንደኛው በፍሬ ተመነላት። ሁለተኛው መጀመሪያ የሞልድ፣ ማለትም የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ ክፈይ አላት። ሦስተኛው «ይሄ ባለ ሁለት ቀለም ማሽን ላይ ነው የሚሠራው» ብሎ ራስ የሚያዞር ቁጥር ላከላት። ግራ ገባት። አይፈረድባትም። ሦስቱ ሰዎች የነገሯት የሦስት የተለያዩ ነገሮችን ዋጋ ነው።

ይህን የምጽፈው እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ላላችሁ ነው። በወር ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ፍሬ ለምትሸጡ፣ ዕቃችሁ እንዲያምር ለምትፈልጉ፣ ግን ካፒታላችሁ ባዶ ዕቃ ላይ ታስሮ እንዲቀር ለማትፈልጉ።

መጀመሪያ ዕቃውን ከፍተን እንየው

አስፈቅጃት ያንን ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። የሚይዘው 50 ግራም ክሬም ነው። ባዶው ዕቃ ራሱ ግን ከ60 ግራም በላይ መዘነ። ከዚያ በብረት መጋዝ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅሁት።

ውስጡ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የውጩ ልብስ አንድ ነው። የውስጡ ኩባያ ሌላ። ክዳኑም ብቻውን ሁለት ነው፤ ጥርስ ያለው የውስጥ ክዳንና ላዩ ላይ የተጫነው የሚያብረቀርቅ ቆብ። ክሬሙ ላይ የምትቀመጥ ስስ ክብ መሸፈኛም አለች። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ እንዳያፈስ የምትጠብቅ ስፖንጅ መሳይ ላይነር ተለጥፋለች።

ብዙ ሰው ሁለት ግድግዳ ሲባል ሁለት ሞልድ ይመስለዋል። ሲቆጠር ግን አራት ነው። መሸፈኛዋ ከተጨመረች አምስት። ሞልድ ማለት የቀለጠው ፕላስቲክ የሚገባበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይቀረጻል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የፈለጋችሁትን ዕቃ በታትኑና ክፍሎቹን ቁጠሩ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ቆጠራ ይነሳል።

አንድ ወፍራም ግድግዳ ብቻ ለምን አይሠሩም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ምክንያቱ ጊዜ ነው። ፕላስቲኩ ሞልድ ውስጥ ገብቶ እስኪቀዘቅዝ ማሽኑ ይጠብቃል፤ አብዛኛው የማሽን ጊዜ የሚያልፈውም በዚህ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ማቀዝቀዣ ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ባለ 4 ሚሊሜትር አንድ ግድግዳ ከሚሠራ፣ 2 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎችን አውጥቶ መግጠም ይፈጥናል። በዚያ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ላዩ ይሰረጉዳል። ድርቡ ግድግዳ ለውበት ብቻ የመጣ ነገር አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

ዘዴዎቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛውን እንያዝ።

አንደኛውና ትልቁ ምርቱ ራሱ ነው። ዕቃው የሚነካው ቅባት ነው ወይስ አልኮል ያለበት ነገር? የሎሚ፣ የናና፣ የባሕር ዛፍ ዘይት አለበት? የጠራ ዕቃ የሚሠራባቸው አክሬሊክ፣ ፒኤስ እና ኤኤስ የሚባሉት ፕላስቲኮች ከአልኮልና ከእንደዚህ ዓይነት ዘይቶች ጋር አይስማሙም። መጠናቸው ይለያይ እንጂ ይሰነጠቃሉ ወይም ይደበዝዛሉ። ፒፒ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን፣ በጣም የተሻለ ይችላል። ድርብ ዕቃ ላይ የውስጡ ኩባያ ብዙ ጊዜ ፒፒ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የውጩ ያምራል፣ የውስጡ ይሸከማል።

ቅባታችሁን የምትሞሉት በትኩሱ ከሆነም አስቡበት። ቀልጦ በ70 ዲግሪ የሚፈስ ቅቤ ተራ የፔት (የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ዕቃን ያጣምማል። ፒፒ ግን ይችለዋል።

ሁለተኛው ብዛት ነው። ዛሬ የምትመኙትን ሳይሆን ባለፉት ስድስት ወራት የሸጣችሁትን ቁጥር ያዙ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ እሱም ለሁለት ይከፈላል። አንድ ጊዜ የሚወጣ የሞልድ ወጪ አለ፣ በእያንዳንዱ ፍሬ የሚወጣ ወጪ አለ። ሁለቱን ደባልቆ የሚነግራችሁ ሻጭ ካለ ለይቶ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ነገር በዶላር ማስላት የግድ ሆኗል።

አራተኛው ጭነት ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ድርብ ዕቃ አየር ይዞ ነው የሚጓዘው። ወርዱ 7፣ ቁመቱ 5.5 ሴንቲሜትር የሆነ ድርብ ዕቃ 10,000 ፍሬ ሲደረደር 2.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይወስዳል። ያንኑ ያህል ክሬም የሚይዝ፣ ወርዱ 5.5፣ ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ አንድ ግድግዳ ዕቃ ግን 1.2 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። የመርከቡም፣ ከጅቡቲ የሚያመጣው መኪናም፣ የመጋዘኑም ኪራይ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ዝግጁውን ገዝቶ ማሳመር

አምራቾች የራሳቸው ሞልድ ያላቸው፣ ለማንም የሚሸጡት ዝግጁ ዕቃ አለ። ቅርጹ የእናንተ አይደለም። ቀለሙን፣ ህትመቱን፣ የክዳኑን ቆብ ግን መምረጥ ትችላላችሁ። የሞልድ ወጪ የለም። መርካቶ ውስጥ አስመጪዎች ጋ በካርቶን ይገኛል፤ ከቻይና በቀጥታ ካዘዛችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሺዎች መነሻ ይጠይቃሉ። የራሳችሁን ቀለም ካላችሁ መነሻው ከፍ ይላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ጎረቤታችሁም ያንኑ ዕቃ ሊገዛ ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አስመጪው በሚቀጥለው ዙር ሌላ ዓይነት ሊያመጣ ይችላል። መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ የክዳኑ ጥርስ በግማሽ ሚሊሜትር ተለይቶ መጥቶ፣ ቀድሞ የተገዙ ክዳኖች አልገጥም ሲሉ አይቻለሁ። ስለዚህ ከክዳንና ከኩባያ ሁልጊዜ ትርፍ ያዙ።

ይህም ሆኖ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። የሐር ህትመት (ቀለም በስስ ወንፊት ጨርቅ አልፎ የሚታተምበት) ወይም በሙቀት የሚታተም ወርቃማ ጽሑፍ ጥሩ ሆኖ ከተሠራ፣ ደንበኛው የሚያስታውሰው ጽሑፉንና ቀለሙን ነው።

ግማሹን ዝግጁ፣ ግማሹን የራስ

ይሄኛውን ሻጮች ራሳቸው አያነሱላችሁም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ።

የውስጡን ኩባያና ጥርስ ያለውን የውስጥ ክዳን ዝግጁውን ትወስዳላችሁ። እነዚህ ማፍሰስ አለማፍሰስን የሚወስኑ ክፍሎች ናቸው፤ በሺህ ጊዜ ተሠርተው የተፈተኑ ናቸው። ለራሳችሁ የምታሠሩት የውጩን ልብስ ብቻ፣ ወይም የክዳኑን ቆብ ብቻ ነው። አራት ሞልድ የነበረው አንድ ሆነ። ደንበኛው የሚያየው ቅርጽ ግን የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ፒፒ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይሰበሰባል፤ አክሬሊክና ኤኤስ ከ0.3 እስከ 0.7 በመቶ። 60 ሚሊሜትር ወርድ ላይ ፒፒ 0.9 ሚሊሜትር ሲቀንስ ኤኤስ 0.3 ብቻ ሊቀንስ ይችላል። የሞልድ ሠሪው የኩባያውን ሥዕል ብቻ ካየ ልብሱ ወይ ይጠብባል ወይ ኩባያው ውስጡ ይንኳኳል። የዝግጁውን ኩባያ ቢያንስ ሃያ ፍሬ፣ ከተለያዩ ካርቶኖች ተለቅሞ፣ እጁ ላይ ስጡት። በካሊፐር ለክቶ ይሥራ።

የውጩ ልብስ ቅባቱን ስለማይነካው እንደገና የተፈጨ ፕላስቲክ መጠቀምም ይቻላል። አገር ውስጥ የሚገኘው ሪሳይክል ጥሬ ዕቃ ቀለሙ ከዙር ዙር ይለያያል፤ አንዳንዴም ይሸታል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ከመረጣችሁ ልዩነቱ አይታይም። ሽታውን ግን በአፍንጫችሁ አረጋግጡ። ዕቃውን ክዳኑን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ ለአንድ ቀን አስቀምጡትና ከፍታችሁ አሽትቱት።

ሙሉውን በራስ ሞልድ

አራቱም ክፍሎች የእናንተ ናቸው። እያንዳንዱ ኢንጀክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ወደ ሞልድ የሚያስገባ) ላይ ለብቻው ይወጣል፣ ከዚያ በቀጭታ (ተጭኖ ቀጭ ብሎ በመግባት) ይገጠማል፣ ይለጠፋል ወይም በአልትራሳውንድ ይበየዳል።

መቼ እንደሚያዋጣ እንዲህ እናስላ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ በራሳችሁ ተኳቸው። ዝግጁው ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ 60 የዶላር ሳንቲም ይፈጅ እንበል። በራስ ሞልድ ቢሠራ 35 ሳንቲም። በአንድ ፍሬ 25 ሳንቲም ተረፈ። አራቱ ሞልዶች በድምሩ 20,000 ዶላር ካስወጡ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ80,000 ፍሬ በኋላ ነው። በወር 500 የሚሸጥ ሰው በዓመት 6,000 ይሸጣል። ከ13 ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። በወር 5,000 የሚሸጥ ግን በ16 ወር ይመልሰዋል።

ወደዚህ ከገባችሁ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይያዝ። አንደኛ፣ ሞልዱ ፋብሪካው ጋ ቢቀመጥም ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁ። ሁለተኛ፣ ስንት ምት እንደሚሠራ፤ ምት ማለት ሞልዱ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ሲከፈት ነው። በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ አመዳደብ 101 የሚባለው ሞልድ አንድ ሚሊዮን ምትና ከዚያ በላይ እንዲሠራ የሚታነጽ ነው፤ 104 ደግሞ ከ100,000 በታች ነው። ርካሽ ሞልድ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የሚያስፈልጋችሁ 60,000 ፍሬ ከሆነ ለሚሊዮን የሚበቃ ብረት መክፈል አያስፈልግም።

የመግጠሚያውን ነገር በተመለከተ፣ በማጣበቂያ ከሚለጠፍ በቀጭታ የሚገባ ይሻላል። ሙጫ በሙቀት ይለቃል፣ የሰው ጉልበትም ይፈልጋል። በቀጭታ የገባ ኩባያ ደግሞ ወጥቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

አንዱ ላይ ሌላውን ማፍሰስ

ይሄ ነው «ባለ ሁለት ቀለም ማሽን» የተባለው። መጀመሪያ አንዱ ንብርብር ይወጣል፣ ሞልዱ ይዞራል፣ ሁለተኛው ፕላስቲክ በላዩ ይፈሳል። መሀል ላይ አየር የለም። በጣም ያምራል፣ አይፈታም፣ መግጠሚያ ሠራተኛ አይፈልግም።

ግን ማሽኑ ልዩ ነው፣ ሞልዱም ውስብስብ ነው። ሁለቱ ፕላስቲኮችም መስማማት አለባቸው፤ ለምሳሌ ፒፒና አክሬሊክ እርስ በርሳቸው አይያያዙም። ርካሹ ወንድሙ ቀድሞ የተሠራውን ክፍል ሠራተኛ በእጁ ሞልድ ውስጥ አስቀምጦ ሁለተኛውን ማፍሰስ ነው። ተራ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ብልሽትም ይበዛዋል። በመቶ ሺዎች ለማትሸጡ አልመክርም።

የሚነፋው

ለሎሽንና ለሻምፑ ጠርሙስ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ጠርሙስ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነው የሚሠራው። የብሎው ሞልድ ከኢንጀክሽኑ ርካሽ ነው፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከአሉሚኒየም ሊሠራ ይችላል። ባለ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ንብርብር ሲሆን ንብርብሮቹ አንድ ላይ ቀልጠው ይወጣሉ፤ በዓይን አይለዩም። ጥቅሙ መልክ አይደለም፣ መከላከል ነው። ኢቮህ የሚባለው ንብርብር ኦክስጅን አያሳልፍም፤ ግን እርጥበት ስለሚያዳክመው መሀል ላይ ይደበቃል፣ ለብቻውም ስለማይጣበቅ ማያያዣ ንብርብር ይጨመርለታል። ቫይታሚን ሲ ላለው ሴረም ይጠቅማል። ለተራ ሎሽን ባለ አንድ ንብርብር ኤችዲፒኢ የሚባለው ፕላስቲክ በቂ ነው፤ እሱን ደግሞ አገር ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ይነፉታል።

| መንገድ | የሞልድ ወጪ | የአንዱ ፍሬ ዋጋ | እኔ የምመክርበት ጠቅላላ ብዛት | ልብ የሚባለው |
|---|---|---|---|---|
| ዝግጁ ድርብ ዕቃ + ህትመት | የለም | ከፍ ያለ | ከመቶዎች እስከ 20,000 | በሚቀጥለው ዙር ላይገኝ ይችላል |
| ዝግጁ ኩባያ + የራስ ልብስ | አንድ ሞልድ | መካከለኛ | ከ20,000 እስከ 80,000 | የልኬት መዛነፍ |
| ሙሉ በራስ ሞልድ | አራት ወይም አምስት ሞልድ | ዝቅተኛ | ከ80,000 በላይ | የታሰረ ካፒታል |
| አንዱ ላይ ሌላውን ማፍሰስ | በጣም ከፍተኛ | ከብዛት ጋር ይወርዳል | መቶ ሺዎች | የፕላስቲኮቹ መስማማት |
| ባለ ንብርብር ጠርሙስ በብሎው | ሞልዱ መካከለኛ፣ ማሽኑ ውድ | መካከለኛ | አሥር ሺዎች | ለእንዲህ ዓይነት ድርብ የክሬም ዕቃ አይሆንም |
| ባለ አንድ ግድግዳ ፒፒ + የካርቶን ልብስ | የለም | ዝቅተኛ | ማንኛውም | ካርቶኑ እርጥበት አይችልም |

የመጨረሻዋን መስመር የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ለምን እንደፈለጋችሁት መልሱ «ትልቅ እንዲመስል» ብቻ ከሆነ፣ ጠንካራ ካርቶን በአነስተኛ ዋጋ ያንን ያደርጋል።

ወደ ውጭ ለምትልኩ ደግሞ ይሄ የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የማሸጊያ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2030 መጀመሪያ አንስቶ ይዘቱን ትልቅ ለማስመሰል ብቻ የሚደረግ ድርብ ግድግዳንና የውሸት ታችን ይከለክላል። አሜሪካም የመዋቢያ ዕቃ አሠራሩ ወይም አሞላሉ አሳሳች እንዳይሆን በሕግ ትጠይቃለች። እዚያ ላሉ ወገኖቻችን የምትሸጡ ከሆነ ድርቡ ግድግዳ የሚታይ ሥራ ይኑረው። ከሥራዎቹ ሁሉ ግልጹ መሙላት ነው። ልብሱ ደንበኛው ጋ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚገዛው ኩባያውን ብቻ ነው። በቀጭታ የሚገባው ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

እንደ ኪሳችሁ

ገና ገበያ እየሞከራችሁ ከሆነ ባለ አንድ ግድግዳ ፒፒ ያዙ። ገንዘቡን ለጽሑፉና ለካርቶኑ አውሉት።

ለሙሽራና ለስጦታ የምትሸጡ፣ ዕቃው ራሱ የሚያሸጥላችሁ ከሆነ ዝግጁውን ድርብ ውሰዱ። በአንድ ጊዜ የስድስት ወር ግዙ፤ የዓመት አይደለም።

ስማችሁ ታውቆ፣ ሌሎች ዕቃችሁን እየመሰሉ መሸጥ ከጀመሩ የራሳችሁን ልብስ የምታሠሩበት ጊዜ ደርሷል። በወር 5,000 ሳትደርሱ ግን ሙሉ ሞልድ አትንኩ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ናሙና ሳትሞክሩ ቀብድ አትስጡ። ዕቃውን በውኃ ሳይሆን በራሳችሁ ምርት ሙሉት። ክዳኑን አጥብቃችሁ ገልብጡትና 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት አንድ ቀን አሳድሩት። ካላፈሰሰ ሌላ ሃያ ፍሬ ሞልታችሁ ለሦስት ወር በዚያው ሙቀት አስቀምጡ፤ ሽታው፣ ቀለሙና ክብደቱ ተለውጦ እንደሆነ በየሳምንቱ መዝግቡ።

የውጩን ልብስ በምታጸዱበት ነገርም ሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ 300 የአክሬሊክ ዕቃ በአልኮል አስጠርጌ በማግሥቱ አንገታቸው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ዕቃው ጥፋት አልነበረበትም። በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ቢጸዳ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

ከፍታንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ሞልታችሁ የዘጋችሁት ዕቃ ዱባይ ሲደርስ የውጩ አየር ይጫነዋል፤ ክዳኑ ለመክፈት ያስቸግራል፣ ስስ ጠርሙስም ይጨመደዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ተሞልቶ ወደዚህ የሚመጣው ግን በተቃራኒው ይገፋል፣ ያፈስማል። ወደ ዝቅተኛ ቦታ የምትልኩ ከሆነ ናሙናውን በሚሄድ ሰው እጅ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላኩና ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ያቺ እህት በመጨረሻ 700 ዝግጁ ድርብ ዕቃ ወሰደች፤ 2,000 ደግሞ የሚገጥመውን ኩባያ ከነስስ መሸፈኛው ለብቻ አዘዘች። ልብሱ ላይ ስሟን በወርቃማ አሳተመች። አሁን ተመልሰው ለሚመጡ ደንበኞች የተሞላውን ኩባያ ብቻ በቅናሽ ትሸጣለች። መጋዝ የቆረጠውን ግማሽ ዕቃ ደግሞ ሱቋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ደንበኛ «ውስጡ ስንት ነው የሚይዘው?» ሲላት አንስታ ታሳየዋለች።